ባዶው አዳራሽ ያፏጨ ዕለት

ሟቹ የተገኘው በጭፈራ ቤቱ የዕቃ ክፍል ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ደም የነካው የማይክራፎን ማቆሚያ ብረት ከጎኑ ወድቋል፤ መዳፍ የምታክል የድምፅ መቅጃ ግን ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ ተሸፍና ተቀምጣለች። ሰውየውን ሁሉም «ጆሮ» ነበር የሚለው። ሥራው ዲጄዎች ሲጫወቱ መቅዳት ነው፤ አንድ ገመድ ከድምፅ ማደባለቂያው ከሚክሰሩ ይስባል፣ ሁለት ትንንሽ ማይክራፎኖች ወደ ጨፋሪው አዙሮ ይሰቅላል፣ ከዚያ ጥጉን ይዞ ያዳምጣል። አሥራ አንድ ዓመት በጭፈራ ቤት ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ሲጨፍር ያየው የለም።

ኢንስፔክተሯ በሦስተኛው ቀን ስትጠራ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው ብሏል። በዚያው ሰዓት ሚስቱ በጓሮ በኩል ስትገባና ስትወጣ ታይታለች። በዋዜማው ባልና ሚስቱ ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል፤ በምን እንደተጣሉ ስትጠየቅ ግን ጭጭ አለች። አለቃው «ነገ ጠዋት ክስ ይመሠረትባታል፤ አንቺ ወረቀቱን ብቻ አስተካክይ» አላት። ኢንስፔክተሯ ደግሞ ወረቀት ብቻ አስተካክይ መባልን ያህል የሚያበሳጫት ነገር የለም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የጽዳት ሠራተኛዋን ነው። እማማ ደጃፉ ላይ ቆመው አልገባም ብለዋል።

«እማማ፣ ምን አስፈራዎት?»

«ልጄ፣ እዚህ ቤት ሁለተኛ እግሬ አይረግጥም።»

«ምን አይተው ነው?»

«አላየሁም፤ ሰማሁ እንጂ። ኮሪደሩን እየወለወልኩ ነበር። አዳራሹ ተቆልፏል፤ ዲጄው ብቻውን ይለማመዳል። ከዘፈኑ መሐል ሰው አፏጨ። አንድ ሰው መሰለሽ? ሕዝብ ነው! ይጮኻሉ፣ ያፏጫሉ፣ ያጨበጭባሉ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ለፖሊሶቹ ብነግራቸው አርጅታለች ብለው ሳቁብኝ።»

«ሰዓቱን ያስታውሱታል?»

«ሙዚቃው ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረ፤ ፉጨቱም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ባንዴ ጸጥ አለ።»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። ብቻዋን አዳራሹ ውስጥ ገብታ ቆመች። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ በቀን ብርሃን ግድግዳው ላይ የስንት ሰው መዳፍ ወዙን ጥሎ እንደሄደ ይታያል። እንዲህ ያለ ቤት ሰው ሲሞላው ሳይሆን ባዶውን ነው የሚያስፈራው። እሷም ፈርታለች፤ ላለመፍራት ብላ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

የቤቱ ባለቤት ፎቅ ላይ ቢሮው ውስጥ ነበር። «ሙዚቃው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ለአንዲት ደቂቃ አልተቋረጠም» አላት።

«ፉጨትስ ሰምተዋል?»

«እዚህ የሚደርሰው የከበሮው ምት ብቻ ነው። እሱንም የሚሰማው እግሬ ነው።» ወለሉን በጫማው መታ መታ አደረገ። «ልጁ ከመጫወቻው ንቅንቅ አላለም። በሚቀጥለው ወር ትልቁን መድረክ ልሰጠው ነው፤ እንደሱ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።»

ዲጄው የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። «መብረቅ» ይሉታል። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል፤ ልቅሶው ደግሞ የውሸት አልነበረም። ሲያናግሩት የሰው አፍ አፍ ያያል።

«እማማ ከአዳራሹ ፉጨት ሰማሁ ይላሉ።»

«የምን ፉጨት? ዝንብ እንኳ አልነበረም።»

«ከመጫወቻው ጀርባ ወደ ዕቃ ክፍሉ የሚያስገባ በር አለ፤ አይደል?»

«አለ። ግን እኔ እጄን ካነሣሁ ሙዚቃው ይበላሻል። እንዳልተበላሸ ደግሞ ሁሉም ሰምቷል።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው የኢንስፔክተሯ ስልክ በቀጭኑ ጮኸ። ዲጄው ስለ አማቹ ደግነት ማውራቱን ቀጠለ እንጂ ዞር ብሎም አላየው። እሷ ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን እየዘጋች «እህትህ የገደለችው ይመስልሃል?» አለችው። ዝም። ቀና ብላ ስትደግምለት «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሕግ ይፍረድ» አለ። ኢንስፔክተሯ ቦርሳዋን አነሣች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ሄደች። የጆሮ ሚስት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች።

«ከባልሽ ጋር የተጣላችሁት በወንድምሽ ነው» አለቻት። «እሱን ለማዳን ብለሽ እየጠፋሽ ነው።»

ሴትዮዋ ብዙ አለቀሰች። «ባሌ የሁለት ቅዳሜ ቅጂ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ አዳመጠ። በሴኮንድ እንኳ አይዛነፉም። ‹ወንድምሽ መጫወት ትቷል፤ እቤቱ አዘጋጅቶ ያመጣውን ከፍቶ እጁን ያወዛውዛል። ወይ ራሱ ለባለቤቱ ይናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ወንድሜን ተወው ብዬ ጮኽኩበት። በማግስቱ ልታረቀው ሄድኩ፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ተመለስኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ስሙ ይጠፋላ! ከስሙ ሌላ ምን አለው?»

«ባልሽ ቅጂ ይሰጠው ነበር?»

«በየሳምንቱ። ድሮ የሚክሰሩን ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ካለፈው ወር ወዲህ ግን የጨፋሪውንም ይደርብበታል። ‹ለሱም ነገርኩት፣ ራሱን ነቀነቀ› ብሎኛል።»

«የት ሆኖ ነው የነገረው?»

«እዚያው፣ ሙዚቃው እየጮኸ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ክሱ ሊመሠረት ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። እማማን ኢንስፔክተሯ ራሷ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ሚስትየው ከፖሊስ ጋር መጣች። ዲጄው ጀርባውን ለስፒከሩ ሰጥቶ መሬት መሬት ያያል።

ኢንስፔክተሯ ከቦርሳዋ አንድ ፍላሽ አውጥታ መጫወቻው ላይ ሰካች። ከበሮው ተነሣ፤ ወለሉ ራደ። ትንሽ ቆይቶ ከባዶው አዳራሽ መሐል ሕዝብ አፏጨ።

«ይኸው! እነሱ ናቸው!» እማማ ክንዷ ላይ ተጠመጠሙ። ባለቤቱ ደንግጦ ወደ ስፒከሩ ዞረ። ሚስትየው ፊቷን ሸፈነች። ዲጄው ብቻ አቀርቅሮ እንደቆመ ነው። ፉጨቱ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተደገመ። ቀና ብሎ የሌሎቹን ፊት ሲያይ ነው የዞረው፤ ያኔም መደንገጣቸውን እንጂ ምን እንደሰሙ አላወቀም።

ኢንስፔክተሯ ሙዚቃውን አጠፋች። «እማማ፣ ሙታን አላፏጩም። ያፏጨው ያለፈው ቅዳሜ ጨፋሪ ነው። ይህ ፍላሽ ዛሬ ጠዋት ከመብረቅ ቦርሳ የወጣ ነው።»

«አልገባኝም» አለ ባለቤቱ።

«ያን ቀን እዚህ የተጫወተ ሰው የለም። አዳራሹን ከውስጥ ቆለፈ፣ ይህን ከፈተ፣ በጀርባ በር ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብቶ ጆሮን በብረቱ መታው። የክፍሉን የጓሮ በርም ቆለፈው፤ እህቱ አንኳኩታ የተመለሰችው ለዚህ ነው። እርስዎ ወለልዎ ሲንቀጠቀጥ ሥራ ላይ ነው ብለው አመኑ።»

«ታዲያ ሕዝቡ ሲጮኽ ራሱ አልሰማም እንዴ? ማን እንዲህ ያለ ቅጂ ይመርጣል?»

«ማናችንም አንመርጥም። እሱ ግን ዓመታት ሙሉ ከስፒከር ሥር ቆሞ ቀጭን ድምፅ የሚሰማበት ጆሮው አልቋል። ስልክ ሲጮኽ አይሰማም፤ አፍ ካላየ ጥያቄ አይሰማም። ይህን ፍላሽ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሞክሮታል፤ ለሱ ንጹሕ ሙዚቃ ነው። ጆሮ ጨፋሪውን ደርቤበታለሁ ሲለውም ሳይሰማ ነው ራሱን የነቀነቀው። መጫወት የተወውም በዚሁ ነው፤ ሁለት ዘፈን ሳይሰሙ ማገጣጠም አይቻልም።»

ዲጄው ከንፈሯን እየተከተለ ሁሉንም ተረድቷል። «እንደማልጫወት ነው እንጂ እንደማልሰማ አላወቀም» አለ በዝግታ። «ሰነፍክ ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ብነግረው ያዝንልኝ ነበር። ከሚታዘንልኝ ሞት ይሻላል አልኩ።»

«የማን ሞት?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

 ፖሊሶቹ በካቴና አስረው ወደ በሩ ወሰዱት።

«ቁም!» አለች እህቱ ከኋላው። እሱ መሄዱን ቀጠለ። እንደገና ጠራችው፤ ድምፅዋ ተሰነጣጠቀ፤ አሁንም አልዞረም። ያኔ ሮጣ ቀደመችውና ፊት ለፊቱ ቆመች። ገና ካሁኑ እንደምትናፍቀውም እንደምትጠላውም ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። አገጩን ይዛ ቀና አደረገችውና እያንዳንዷን ቃል ለይታ ተናገረች፤

«ለእናታችን የምነግራት እኔ ነኝ። ስትጮኽ አንተ አትሰማትም። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን እሰማታለሁ።»

ተናግራ ከጨረሰች በኋላም ወንድሟ ዓይኑን ከከንፈሯ ላይ መንቀል አቃተው።