የአፈወርቅ ሁለት ቆቦች

አስከሬኑ ከገደሉ ግርጌ በገመድ ተስቦ ወጥቶ፣ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ ከሟቹ ደጅ በሸራ ድንኳን ሥር ተጋድሟል። የሚያለቅስለት ሰው ግን ከአንዲት ሴት በቀር አልነበረም። ለቀስተኛው ራቅ ብሎ በነሐሴ ጉም ውስጥ ቆሞ ያንሾካሹካል። የጊሼ ሰው ለቀብር እንዲህ ዳተኛ አይደለም፤ እግሩን የያዘው ነገር ነበር።

ነገሩን ከመሐል ሜዳ ለመጣችው መርማሪ፣ ለኢንስፔክተር ጥሩሸዋ፣ የነገረቻት የሟቹ ልጅ እመቤት ናት። ጥሩሸዋ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እግሩን የምታይ ሴት ነች። ብዙዎች እንደ ንቀት ይቆጥሩባታል። እሷ እንደሆነ፣ ሰው ፊቱን እንጂ እግሩን መግዛት አይችልም ባይ ናት።

«ራሳቸውን ገደሉ ነው የሚሉት» አለች እመቤት፤ ድምጿ ከለቅሶ ብዛት ሻክሯል። «ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ያለ ጸሎት ሊቀብሯቸው ነው። ዛሬውኑ። ጉድጓዱን መቆፈር ጀምረዋል፤ ሄደሽ እዪው።»

«ለምን ራሳቸውን ገደሉ ተባለ?»

«ትላንት ማለዳ ለኪዳን ጸሎት ሲሄዱ ነው የወደቁት። አባባ ገደሉን ከማንም በላይ ያውቁታላ። የመንገዱን ምልክት የተከሉት እሳቸው ናቸው። ተሳስተው ሊወድቁ አይችሉም ይላሉ።» የጥሩሸዋን እጅ ያዘች። «እህቴ፣ ሞቱን ችዬዋለሁ። ያለ ፍትሐት መቀበራቸውን ግን አልችልም።»

አቶ አፈወርቅ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ሥራቸው በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን የመርከብ መንገድ ምልክቶች መትከልና መጠገን ነበር። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ወደ አገራቸው ወደ ጊሼ ተመለሱ። ክረምት ሲገባ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶ ተራሮቹን ደሴት ሲያደርጋቸው፣ ሰውየው ባሕራቸውን መልሰው አገኙ መሰለኝ። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው የአፋፍ መንገድ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጀሪካኖች በእንጨት ላይ ሰቀሉ። አገሩ ሳቀባቸው። «ባሕረኛው መርከብ እስኪመጣለት ይጠብቃል» ይባል ነበር።

ጥሩሸዋ መንገዱን ከእመቤት ጋር ወጣችው።

«ቀዩ አደጋ ማለት ነው?» አለች።

«አይደለም። ሰው ሁሉ የሚስተው እሱን ነው። መርከብ ወደ ወደብ ሲገባ ቀዩን በግራው፣ አረንጓዴውን በቀኙ ያደርጋል። ሲወጣ ይገለበጣል። የአባባ ወደብ ቤተ ክርስቲያኑ ነበር።»

ጀሪካኖቹ አለቁና «አንገቱ» ከሚባለው ቦታ ደረሱ። በሰሜንም በደቡብም ገደል ነው፤ መሐሉ ዱካ የማይዝ ንጣፍ ዐለት። በጉም ቀን መንደርተኛው እዚህ ድርሽ አይልም፤ በታችኛው መንገድ ይዞራል። በደቡቡ አፋፍ ላይ፣ በድንጋይ ክምር የተደገፈ ጥቁርና ቢጫ ቀለም የተቀባ እንጨት ቆሟል። ከጫፉ ላይ ከቆርቆሮ የተሠሩ ሁለት ሹል ቆቦች አንዱ በአንዱ ላይ ታስረዋል፤ የሁለቱም ሹል ወደ ሰማይ ነው።

«ይሄስ?»

«ሹሉ ወደ ላይ ከሆነ ደህናው ማለፊያ ከምልክቱ በስተሰሜን ነው። ወደ ታች ከሆነ በስተደቡብ። አባባ በጉም ይህን እንጨት እስኪያገኙ በቀስታ ይሄዳሉ፤ ሲያገኙት በዱላቸው ነክተው በሰሜኑ ጎን ያልፋሉ።»

«የወደቁት በየትኛው በኩል ነው?»

እመቤት ወደ አፋፉ ቀረበች። በእጇ ብቻ አሳየች፤ በሰሜን።

ጥሩሸዋ ተንበርክካ የክምሩን ድንጋዮች አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች። የድንጋይ ሽበት የሚባለው ግራጫ ሽፋን የሚበቅለው ፀሐይ በሚያገኘው ፊት ነው። የእነዚህ ግን ሽበታቸው ከሥር ተደፍቶ፣ ጭቃ የያዘው ሆዳቸው ወደ ሰማይ ዞሯል። ተነስታ ወደ ሰሜኑ አፋፍ ሄደች። እዚያም ዐለቱ ላይ ክብ ሆኖ የተፋቀ ቦታና ሥሩ ጭቃ የያዘ አንድ የተረሳ ድንጋይ አገኘች። እመቤት ፊቷን እያየች ብትለምናትም አንዲት ቃል አልተነፈሰችላትም፤ ጭካኔ ይመስላል፣ ነገር ግን ያልተረጋገጠ ተስፋ መስጠት ከዚያ የባሰ ነበር።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ባስልዮስን ነው፤ የእመቤት ባል፣ ራቤል ከተማ የሚያስተምር።

«ከአማትህ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«ደብረ ብርሃን እንግባ ስላት፣ አባቴን ጥዬ አልሄድም ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ጠልቻቸዋለሁ፤ አልዋሽሽም።»

«ምልክታቸውን ታውቀዋለህ?»

«ቀይ ሳይ እቆማለሁ፣ አረንጓዴ ሳይ እሄዳለሁ። አንዴ እንዲያ ብላቸው ለሳምንት አኮረፉኝ።»

ሁለተኛው የሟቹ ጎረቤት ምንዳዬ ነበር። ከአቶ አፈወርቅ ጋር በድንበር ተካሰው፣ በቀበሌው ፊት «ገደል ግባ» ማለቱን ያልሰማ የለም።

«ብዬዋለሁ» አለ ምንዳዬ፣ ባርኔጣውን እያሻሸ። «ተናድጄ ነው። አሁን አፌን ብቆርጠው ደስ ይለኛል።»

«ቆብ ያለውን እንጨት ነክተኸው ታውቃለህ?»

«ከብቴን የሚያስደነግጥ ማስፈራሪያ! የነካሁት ቢሆንማ ነቅዬ ገደል ነበር የምከተው።»

ጥሩሸዋ ይህን መልስ ወደደችው።

ሦስተኛው አቶ ዳኜ ናቸው፤ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር፣ የእቃ ቤቱ ቁልፍ ያዥ፣ የሟቹ የልብ ወዳጅ። ገና የሟቹ ስም ሲነሳ ማልቀስ ጀመሩ።

«ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሕይወት ሰልችቶት ነበር። በቃኝ፣ ልረፍ ይለኝ ነበር» አሉ። «ምልክቱ በደቡብ፣ እሱ የወደቀው በሰሜን። መንገዱን ትቶ ሄዶ ራሱን ጣለ እንጂ ምን ይባላል?»

«እርስዎ አብረዋቸው ለኪዳን አይሄዱም ነበር?»

«ሁሌም። ትላንት ብቻ ብርዱ ጎኔን ይዞኝ ቀረሁ። ለዚህ ነው የሚቆጨኝ።»

«ምልክቱን ያውቁታል ማለት ነው።»

«እኔ ገበሬ፣ የባሕር ነገር ምን አውቄ? የዱላውን ጫፍ ይዤ መከተል ነው እንጂ።»

መጨረሻ ላይ የደብሩን መሪጌታ ወልደ ጻድቅን ፍለጋ ቤተ ክርስቲያን ወረደች። ከአጥሩ ውጪ ሁለት ጎልማሶች ጉድጓድ ይቆፍራሉ። አፈሩ ውኃ እየቋጠረ ያስቸግራቸዋል።

«ልጄ፣ እኔም ልቤ ቆስሏል» አሉ መሪጌታ። «ግን ዳኜን የመሰለ ወዳጁ እንዲያ ሲል ምን ላድርግ? ከትላንት በቀር ዳኜ ኪዳን አስታጉሎ አያውቅም። አምና ክረምት አፈወርቅ ታሞ ሲተኛ እንኳ፣ ጉሙን ሰንጥቆ በአንገቱ በኩል ብቻውን ይመጣ ነበር። ሌላው በታች ሲዞር ቅዳሴ ያመልጠዋል።»

«አቶ አፈወርቅ በቅርቡ የተለየ ነገር አልነገሩዎትም?»

መሪጌታ ጢማቸውን አሻሹ። «በቡሄ ማግሥት የመጾሩን መስቀል አንስቶ ‹ቀለለብኝ› አለኝ። በጥምቀት ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የምናገረው አለ፤ አስቀድሞ ግን አንድ ሰው ራሱ እንዲናገር ጊዜ ሰጥቼዋለሁ አለ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።»

«መስቀሉን አምጥተው በደንብ ይዩልኝ» አለች ጥሩሸዋ። «ቀብሩንም ትንሽ ያቆዩልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ይበልጥ ወፈረ። ከቅጥሩ በር ፊት ያለው መተላለፊያ በአንድ ጎኑ ደረቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በሌላው ጎኑ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ ነው። ጥሩሸዋ ያን ባለቆብ እንጨት በፖሊስ አስመጥታ በመሐሉ አስተከለችው። ከዚያ ሦስቱም አንድ በአንድ እንዲመጡ አስጠራችና በሩ ሥር ቆማ ጠበቀች።

ሁሉም በደጀ ሰላሙ ሥር ተሰበሰቡ። እመቤት ግድግዳውን ተደግፋለች።

«አቶ አፈወርቅ ራሳቸውን አልገደሉም» አለች ጥሩሸዋ። «ምልክታቸው ከደቡቡ አፋፍ ተነስቶ በሰሜኑ አፋፍ ላይ ተተክሎ ነበር። የተፋቀውን ዐለት አይቼዋለሁ። ሰውየው በጉም ውስጥ እንጨታቸውን አገኙ፣ እንደ ልማዳቸው በዱላ ነኩት፣ በሰሜኑ ጎን አለፉ። ከእንጨቱ በስተሰሜን ግን መሬት አልነበረም።»

እመቤት አፏን በነጠላዋ አፈነች።

«ገዳዩ ቆይቶ ምልክቱን ወደ ቦታው መለሰ። ነገር ግን ሲቸኩል ድንጋዮቹን ሽበታቸውን ደፍቶ ከመራቸው።»

«ማንም ጠላት ሊያደርገው ይችላል» አሉ አቶ ዳኜ።

«አይችልም። ምልክቱን የማያነብ ጠላት፣ ምንዳዬ እንዳለው፣ ነቅሎ ገደል ይከተዋል። አቶ አፈወርቅም ምልክቱ ጠፋ ብለው ይመለሳሉ። ይህ ሰው ግን አልጣለውም፤ ወደ ተቃራኒው አፋፍ አዛወረው። ቆቦቹ ምን እንደሚሉ፣ አቶ አፈወርቅም እንደሚታዘዟቸው ያውቃል።»

«ማነው ታዲያ?» አለ ባስልዮስ።

«እሱን ነው የጠየቅኳችሁ፤ በአፍ ሳይሆን በእግር። ዛሬ እዚህ መተላለፊያ ላይ የተከልኩት ምልክት ቆቦቹ ተገልብጠዋል። ሹላቸው ወደ ታች ነው፤ በስተደቡብ እለፍ ይላል። ደቡቡ ጭቃ፣ ሰሜኑ ደረቅ ነው። አንተ ባስልዮስ በደረቁ መጣህ። ምንዳዬም በደረቁ። የማያነብ ሰው ምን ብሎ ጭቃ ይገባል? የለመደ እግር ግን በጉም ሳያስብ ይታዘዛል።»

ሁሉም ወደ መሬት አዩ። የአቶ ዳኜ የላስቲክ ጫማ እስከ አፉ ጭቃ ነበር። ሰውየው ራሳቸውም አሁን ገና ያዩት መሰሉ።

«አልጋ ላይ ለዋለ ወዳጅዎ ጸሎት ሊያደርሱ፣ አምና በጉም ብቻዎን አንገቱን ይሻገሩ ነበር» አለች ጥሩሸዋ። «ያን ጊዜ የማን ዱላ ጫፍ ይዘው ነበር?»

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ከሸማቸው ሥር መስቀሉን አወጡ። «ይሄ የእኛ የጥንቱ መስቀል አይደለም፤ በአዲስ ተለውጧል። የእቃ ቤቱ ቁልፍ አንተ ዘንድ ነው ያለው፣ ዳኜ።»

አቶ ዳኜ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«መስቀሉን መለወጤን ደርሶበት፣ እሁድ ራስህ ተናገር፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ አለኝ» አሉ። «አጠገቤ ሊቆም ነበር። እኔ ግን በሕዝብ ፊት መቆሙን ፈራሁት።»

«ቆቦቹን ማን አስተማረዎት?» አለች እመቤት። ከግድግዳው ተላቅቃ ፊታቸው ቆማለች።

አቶ ዳኜ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። «አባትሽ ነዋ። ሲታመም። እኔ የቀረሁ ቀን እንዳትወድቅብኝ ብሎ።»

እመቤት ልትመታቸው እጇን አነሳች፤ ግን መልሳ አወረደችው። እንባዋ ደርቆ ነበር። ፖሊሶቹ አቶ ዳኜን ይዘው ሲወጡ፣ መሪጌታ ቆፋሪዎቹን ጠርተው ያንን ጉድጓድ እንዲደፍኑና በቅጥሩ ውስጥ ሌላ እንዲምሱ አዘዟቸው። ከዚያ ለፍትሐቱ ካህናቱን ሊሰበስቡ ሮጡ፤ ከዚያ በፊት በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ አይቷቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አስከሬኑ ከቤቱ ሲነሳ ጉሙ አልተገለጠም። ተሸካሚዎቹ በታችኛው መንገድ እንዙር አሉ። እመቤት እንቢ አለች። ቀድማ ወጥታ፣ እንጨቱን በደቡቡ አፋፍ መልሳ ተክላ፣ ቆቦቹን ሹላቸውን ወደ ሰማይ አድርጋ በሽቦ አሰረቻቸው። ምንዳዬ ሳይጠየቅ ድንጋዩን ከመረላት።

ቃሬዛው ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ከኋላው ሲስቅባቸው የኖረው መንደር ሁሉ ተከትሏል፤ አሁን እያለቀሰ።

«በሰሜን» ትላለች እመቤት በእንጨቱ ሥር ቆማ፣ ለእያንዳንዱ። «በሰሜን እለፉ።»

በሰሜን አለፉ።