የያፌት ጠላቶች

ያፌት ባሕር ማዶ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር፣ ከአክስቱ ጋር በሚኖርበት አፓርትመንት የውጭ ደረጃ ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ያገኙት አክስቱ ወይዘሮ ፋንታዬ ናቸው፣ ከሥራ ሲመለሱ። ክንዱ ላይ የጣት ምልክት ስለነበር ፖሊስ «ተገፍትሮ ነው» አለ።

ስልኩ ሲከፈት ጉድ ፈላ። ያፌት በየቀኑ ላይቭ ገብቶ የሚዘፍን ልጅ ነበር፤ አድናቂዎቹም ራሳቸውን «የያፌት ጠላቶች» ይላሉ። የዚያን ቀን ጠዋት የአሥራ ስምንት ዓመቷ ፀደንያ፣ «አንተ የተረገጠ ሳምቡሳ! ዛሬ ካልዘፈንክ ከደረጃ ወርውሬ እገላገልሃለሁ!» ብላ ጽፋለታለች። የፖሊስ አስተርጓሚው ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። ፀደንያ እስር ቤት ለመግባት አንድ ፊርማ ቀራት።

መርማሪ እናትነሽ ፊርማውን አስቆመችና ልጅቷን አስጠራች።

«ትጠዪው ነበር?»

«እንዴ! ማለቴ... እወደዋለሁ እኮ! እኛ ጋ የሚሰደበው የሚወደድ ነው። እሱ ራሱ ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ስድብ ይመርጣል። ሦስቴ አሸንፌያለሁ!»

«ከአንቺ የሚብስ አለ?»

«ዮኒ ነዋ፣ ቪዲዮውን ኤዲት የሚያደርግለት። በሦስት ዓመት አንድ ደግ ቃል አልወጣውም፣ ጨካኝ!»

«ያን ቀን የት ነበርሽ?»

«ቤት። ብቻዬን።» ፊቷ አመድ መሰለ።

ዮኒ ግን መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። «ሌላ ከተማ፣ አርሊንግተን ዴሊቨሪ ላይ ነበርኩ። እትዬ ፋንታዬ ኮል እስኪያደርጉልኝ ምንም አላወቅኩም።»

ወይዘሮ ፋንታዬ ደግሞ፣ «ጠዋት ስወጣ ‹ዛሬ አንድ ሰው ይቀየመኛል› አለኝ። ማን እንደሆነ ሳልጠይቀው ቀረሁ፣ አፌ በተቆረጠ!» አሉ።

እናትነሽ የዚያን ቀን መልእክቶች አንድ በአንድ አነበበች። ፊትህ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ይመስላል፤ ድምፅህ የተበሳ ጎማ ነው፤ ስድብ በስድብ ላይ። አንዱ መልእክት ጋ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ።

በማግስቱ እዚያው አፓርትመንት ለቅሶው ላይ ሁሉም ተቀምጠው ሳለ ገባች።

«ፀደንያ፣ እስቲ ያፌትን ስደቢው።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። «አልችልም። የሞተ ሰው ይሰደባል እንዴ?»

«ነውር ነው!» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ።

«ነውር ነው» አለች እናትነሽ። «አስከሬኑ ሊገኝ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሁሉም ይሰድበው ነበር፤ በሕይወት ያለ መስሏቸዋል። ከመሀላቸው አንድ ሰው ብቻ ‹ያፌትዬ፣ እንዳንተ ያለ ደግ ልጅ አይገኝም› ብሎ ጻፈ። ዮኒ፣ በሦስት ዓመት የመጀመሪያው ደግ ቃልህ ነው። መሞቱን ካላወቅክ ስድቡ ለምን ነውር ሆነብህ?»

«በቃ... የዚያን ሰዓት ሙዴ ነዋ!»

«በዚህች ቃል የተነሳ ስልክህ የት እንደዋለ አስጠየቅኩ። አርሊንግተን አልነበረም፤ እዚህ ግቢ ነበር።»

ዮኒ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ሌላ ኤዲተር ይዣለሁ አለኝ። ክንዱን ያዝኩት... ገፋሁት። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ስድብ በስድብ ሆነ። ዝም ካልኩ ይጠረጥሩኛል ብዬ ልሰድበው ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ።»

ፖሊሶቹ አስረው ሲያወጡት በፀደንያ ፊት አለፈ። ሰው ሁሉ ስድቧን ጠበቀ።

«ምንም አትይውም?» አለች እናትነሽ።

ፀደንያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እሱን? ስድቤን በምን ዕድሉ!»