ዘጠነኛው ቅጂ

«ዜሮን አስገባሁ» አላት ፍሬን፣ ከክፍሉ በር ሁለት እርምጃ ሲቀራት የቦርሳዋን ማንገቻ ከኋላ ይዞ።

ሬዲዮ የሚሏት ልጅ ቦርሳዋን ነጥቃ መንገዷን ልትቀጥል ነበር። ፈተናው ሊጀመር ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ፍሬን ደግሞ አንዴ ከያዘ የጭነት መኪና ጎትቶ አያስለቅቀውም። ቅጽል ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ትምህርቱ በሰላም እየነጎደ ሳለ እጁን ያወጣና «ለምን?» ብሎ አርባ ስምንቱንም ተማሪ ባሉበት ቀጥ ያደርጋል። በአንድ «ለምን» ሙሉ ክፍለ ጊዜ የበላበት ቀን አለ፤ እንዲያውም ሙሉ ሳምንት ነው የሚሉም አሉ።

«ምን ላይ ነው ያስገባኸው?»

«ዘጠነኛው የድምፅ ቅጂሽ ላይ ባለው ምሳሌ። አልስማማ አለኝ።»

መዳፉን ዘረጋላት። በሰማያዊ እስክሪብቶ ከጣቶቹ ሥር እስከ አንጓው ድረስ ተጽፎበታል፦ −2x < 6። ከሥሩ የእሷ መልስ አለ፣ በገዛ ድምፅዋ ለክፍሉ ሁሉ ያስጠናችው፦ x < −3።

«ኤክስ ዜሮ ነው እንበል» አላት። «ኔጌቲቭ ሁለት ጊዜ ዜሮ፣ ዜሮ። ዜሮ ከስድስት ያንሳል፣ እሺ። ታዲያ ዜሮ ከኔጌቲቭ ሦስት ያንሳል እንዴ? በአንቺ መልስ እኮ ዜሮ ውጭ ቀረ።»

«ተሳስተህ ነዋ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ኔጌቲቭ አሥርን አስገባሁ። ሃያ መጣ። ሃያ ከስድስት ያንሳል?»

መዳፉን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። አንዴ በዓይኗ፣ አንዴ በከንፈሯ አሰላችው። ክው አለች። በኔጌቲቭ ቁጥር ሲካፈል ምልክቱ ይገለበጣል፤ እሷ ግን አልገለበጠችውም።

«ማን ቁጥር እያስገባህ ሞክር አለህ?» አለችው።

«አንቺ ነሻ። ሁለተኛው ቅጂ ላይ። ምግብ የሠራ ሰው ሳይቀምስ ለእንግዳ አያቀርብም፣ መልስም ይቀመሳል አላልሽም?»

ብላለች። ሬዲዮ ያላለችው ነገር የለም። የአገሩ ጣቢያ ሁሉ ተደምሮ እሷ በአንድ የእረፍት ሰዓት የምታወራውን አያህልም፤ እናቷም ይህች ልጅ ስትወለድ ማጥፊያው ተረስቶ ነው የመጣችው ትላለች። ያ አንደበት ሥራ ያገኘው በዚህ ዓመት ነበር። የሒሳብ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩም በእንግሊዝኛ ያስረዳሉ፤ ተማሪው ደግሞ የገባው ለመምሰል ራሱን ይነቀንቃል። የክፍሉ አንገት በመነቅነቅ ብዛት ከመላላቱ በፊት፣ መምህሩ አንድ ቀን ሬዲዮ ሦስት ልጆችን ግድግዳ አስደግፋ አፍ በፈቱበት ቋንቋ ክፍልፋይ ስታስረዳ ሰሟት። ቆመው አዳመጡ። ከዚያ ይህንኑ በስልክ ቅጂልኝ አሏት።

የምትቀዳው ቤቷ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሬዲዮ ደንበኞች ልብስ ከሚለኩበት መጋረጃ ጀርባ ትገባና ሰው የሚያክለው መስታወት ፊት ቆማ ታወራለች። እናቷ ማሽኑን አላቆምም ስላለች በየቅጂው ውስጥ ትር-ር-ር የሚል ድምፅ አለ፤ የክፍሉ ልጆችም መልስ ከመመለሳቸው በፊት ትር-ር-ር ማለት ለምደዋል። መምህሩ ከዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ የለበሰ ስፒከር አወጡ። ከዳቦ ቅርጫት አይበልጥም፤ ሲጮህ ግን የጎረቤቱን ክፍል ጠመኔ ከሰሌዳው ሥር ያረግፋል። በስምንት ቅጂ፣ ድሮ ሒሳብ ሲባል ሆዳቸውን የሚያማቸው ልጆች ሰሌዳ ላይ ለመውጣት መጋፋት ጀመሩ።

ዳይሬክተሯ አልወደዱትም። ትምህርቱ በመጽሐፉ ቋንቋ ነው፣ ስልክም ክልክል ነው አሉ። ስህተት ቢገኝበትስ ብለው ሲጠይቁ፣ መምህሩ በዓይናቸው ያላለፈ አንድ ቃል ክፍሉ ውስጥ እንደማይሰማ፣ ለዚህም አንገታቸውን እንደሚሰጡ ተናገሩ። የመምህሩ አንገት ቀጭን ነው። ዳይሬክተሯ እሺ አሉ፤ ግን በአንድ ፈተና። ዛሬ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይፈተናሉ፤ ይህኛው ክፍል ከጎረቤቱ ካልበለጠ ስፒከሩ ወደ አቧራው ይመለሳል፣ ስልክም ከአጥር በር አያልፍም።

ደንቡ ቀላል ነበር። ሬዲዮ የምትለውን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ መምህሩ አይተው በቀይ ይፈርማሉ፣ ከዚያ ይቀዳል። ዘጠነኛው ላይ መምህሩ ጥርሳቸውን ታመው ሁለት ቀን ቀሩ። በክፍሉ ግሩፕ ላይ «ጣቢያው ተዘጋ እንዴ?» የሚል ቀልድ መጣ፤ ከሥሩ ሃያ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። ያን መቻል አቃታት። ቀዳችና ለቀቀችው። የክፍሉ አለቃ ቲቸር አይተውታል ወይ ብሎ ሲጽፍላት «አዎ» አለችው። ሁለት ፊደል ናት፤ ለመጻፍ አፍታም አልፈጀባትም።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አለችው አሁን።

«ማንም።» ፍሬን መዳፉን በሱሪው ላይ አሸት አሸት አደረገ፤ ቀለሙ አልለቀቀም። «እኔ በልኩ እሠራለሁ። አንቺም ትሠሪያለሽ። የቀሩት አርባ ስድስቱ ናቸው እንጂ።»

«አምስት ጥያቄ ነው ከዚህ የሚመጣው።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

ለማንም እንደማይናገር፣ ደግሞም ዝም በይ ወይም ተናገሪ እንደማይላት ነገራት። ፍሬን በዕድሜው ጥያቄ ሳይጠይቅ የተለየው ሰው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ደወሉ ተደወለ።

ክፍሉ ውስጥ አለቃው ስልኩን በሽቦ ከስፒከሩ ጋር አያይዞ ይጠብቃል። የሌሎቹ ስልክ ከፊት ባለ ካርቶን ውስጥ ተሰብስቧል። መምህሩ ጠረጴዛቸው ላይ የፈተናውን ወረቀት እየቆጠሩ ነው። ዳይሬክተሯ ገቡ። እሳቸው ሲገቡ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ወንበሩም ቀጥ ብሎ የሚቆም ይመስላል። የመጨረሻው መደዳ ላይ ተቀመጡና ሰዓታቸውን አዩ።

መምህሩ አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ ሃያ ደቂቃ ስላለን የመጨረሻውን ክለሳ አሰማን አሉት አለቃውን። አለቃው ነካ አደረገው። ትር-ር-ር።

«እንዴት ናችሁ፣ ይህ ዘጠነኛው ነው» አለ የሬዲዮ ድምፅ ከስፒከሩ፣ ራሷ ሬዲዮ ሦስተኛው መደዳ ላይ ደርቃ ተቀምጣ።

መምህሩ ቆጠራቸውን አቆሙ። ቀና ብለው ስፒከሩን፣ ከዚያ እሷን አዩ። ፈርመው የሚያውቁት እስከ ስምንት ነው።

ስህተቱ ያለው ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ታውቃለች። ቅጂውን ራሷ ሠላሳ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ለማጥናት ሳይሆን ድምፅዋ እንዴት እንደሚያምር ለመስማት። መጀመሪያ ስለ ሚዛን ታወራለች። ከዚያ አንድ ቀልድ አለ፣ ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ «አሁን ልብ በሉ» ትላለች። ስለ ሚዛኑ አወራች። አጠገቧ ያለችው ልጅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከስፒከሩ እኩል ትናገራለች፤ በቃሏ ይዛዋለች። ወዲያ ማዶም አንዱ እንዲሁ ነው። ሬዲዮ ዞር ብላ ስታይ ክፍሉ በሙሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ዝም ብትል አርባ ስድስቱ አምስት ጥያቄ ይጥላሉ፤ ምናልባት ጎረቤቱ ክፍልም እንደልማዱ ይጥለው ይሆናል። ብትናገር ዳይሬክተሯ ከኋላ ናቸው፤ የመምህሩም አንገት ከፊት ነው። ቀልዱ ደረሰ። ተሳቀ። ዳይሬክተሯ እንኳ በአፍንጫቸው ትንሽ አየር ያወጡ መሰሉ።

«አሁን ልብ በሉ» አለ ስፒከሩ።

ሬዲዮ ተነሣች። ወደ ፊት የወሰዳት መንገድ ከሰባት እርምጃ አይበልጥም፤ አንድ ወረዳ ያቋረጠች ያህል ግን ላብ በላብ ሆናለች። ሽቦውን ነቀለችው።

የልጆቹ ከንፈር በግማሽ ቃል ላይ ቆመ።

«ይህ ቅጂ ስህተት አለበት» አለች። ድምፅዋ ያለ ስፒከር እንዲህ ቀጭን መሆኑን እስከዛሬ አላወቀችም። «የሸመደዳችሁትን እርሱት።»

ዳይሬክተሯ ከኋላ ተነሡ። በመደዳዎቹ መካከል ቀስ ብለው መጡና ለእሷ ሳይሆን ለመምህሩ ተናገሩ።

«ሳላየው አይሰማም ብለውኝ ነበር።»

መምህሩ ወረቀቶቹን አስተካከሉ። ያልተበታተነ ወረቀት ነበር። «አይቼዋለሁ» አሉ። «አልፎኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሬዲዮ መውጫው እንደተከፈተላት ገባት። ሰፊ በር ነው፤ ሠርገኛ ያሳልፋል። አሁን ዝም ብትል እንኳ የተናገረች ጎበዝ ትባላለች፤ የሚሰበረው ሌላ አንገት ነው። ሦስተኛው መደዳ ላይ የተወችውን ደብተር አየች። ፍሬን አጠገቡ ነበር። ሳትጠይቀው አነሣና ከእጅ ወደ እጅ ወደ ፊት አሳለፈላት።

ገልጣ ዳይሬክተሯ ፊት ዘረጋችው። ስምንት ገጽ፣ ስምንት ቀይ ፊርማ። ዘጠነኛው ገጽ ግርጌው ባዶ ነው።

«ቲቸር አላዩትም» አለች። «ታመው ቀርተው ነበር። አይተውታል ብዬ ለአለቃው የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሯ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ፣ መለሱ። መምህሩ መስኮቱን አዩ። ረጅም ጊዜ ያለፈ መሰላት፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ዛፍ ቅጠሉን አርግፎ እንደገና ያበቀለ ያህል።

«ፈተናው ሊጀመር አሥራ አራት ደቂቃ አለ» አሉ ዳይሬክተሯ። «ያበላሸሽውን አስተካክይ። ስለ ስፒከሩ ከመምህርሽ ጋር ኋላ እንነጋገራለን።»

ጠመኔ አነሣች። ደብተር የለ፣ ስልክ የለ። ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አሰመረችና መካከሉ ላይ ዜሮ ጻፈች። ስታስበው የመጣላት ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ነገር ነው፤ ዘጠነኛውን ስትቀዳ አፍንጫዋ ሥር ቆሞ የነበረው።

«የእናቴን መስታወት እዚህ፣ ዜሮ ላይ አቆምኩት በሉ። በቀኝ ሁለትና አምስት ቆመዋል። አምስት ይበልጣል፣ ከመስታወቱ ርቆ የቆመው እሱ ነው። መስታወቱ ውስጥ ስትገቡ ኔጌቲቭ ሁለትና ኔጌቲቭ አምስት አሉ። ርቆ የቆመው ውስጥም ርቆ ነው የሚታየው፣ ግን ወደ ግራ። ይበልጥ የነበረው አነሰ።» ጠመኔው ተሰበረባት፤ በስብርባሪው ቀጠለች። «በኔጌቲቭ ስታካፍሉ መስታወቱ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ምልክቱ ይዞራል።»

መልሱን ጻፈችው፦ x > −3። ማንም ራሱን አልነቀነቀም።

«እኔን አትመኑኝ» አለች። «ቅመሱት።»

ከዚያ እስክሪብቶ መጫር ተሰማ፣ አንድ፣ ሦስት፣ ከዚያ በዶፍ። ፍሬን ዜሮ ይስማማል አለ። ከወዲያ አንዷ ኔጌቲቭ አሥር አይስማማም፣ ግን መስማማትም የለበትም አለች። ዳይሬክተሯ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ማንም እንዳያያቸው ጠጋ ብለው፣ የሆነ ቁጥር ጻፉ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ወረቀቱንም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

መምህሩ ፈተናውን ማደል ጀመሩ። ሬዲዮ አጠገብ ሲደርሱ ወረቀቷን ገልብጠው አስቀመጡላትና አለፉ።

ካርቶኑ ውስጥ ሳይገባ የቀረው የአለቃው ስልክ ብቻ ነበር። አለቃው መደዳዋ ጋ ጎንበስ ብሎ አሳያት። ዘጠነኛው ቅጂ፣ ከሥሩ አርባ አንድ ቀይ ልብ። ከዚያ በፊት የትኛውም ቅጂ ያን ያህል አግኝቶ አያውቅም። አውራ ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነው።

«ላጥፋልሽ?» አላት በሹክሹክታ። «ማንም አያየውም።»

ሬዲዮ ልቦቹን አንድ አፍታ አየቻቸው።

«ተወው» አለችው። «ስሙን ቀይረህ ‹ስህተት ያለበት› በለው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብለህም ጨምርበት።»

«አሥረኛውስ?»

«ቲቸር ከፈረሙበት።»

አለቃው ጻፈና ስልኩን ካርቶኑ ውስጥ ጨመረ። ሬዲዮ ደብተሯን ተነሥታ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ዘጠነኛው ገጽ እንደተገለጠ ትታው ተመለሰች። ከዚያ ተቀምጣ የፈተናውን ወረቀት ገለበጠችው።