ሦስተኛው ቱቦ

ሸዋንግዛው እሑድ ከሰዓት ጋራዡን ከፍቶ አያውቅም። ኮምቦልቻ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ሲሠራ እሑድን ለቤቱ ትቶ ኖሯል፤ ዛሬ የከፈተው ለጋሽ ዘርጋው ሲል ነው። የሽማግሌው አንድ ልጅ ምንተስኖት ከጠፋ ሦስት ወር አልፎታል። መኪናው ከሐርቡ ከተማ ወዲያ መንገድ ዳር፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ሞተሩም እየሠራ ተገኘ፤ ልጁ ግን የለም። አሁን አባትየው በዚያው መኪና ሊፈልጉት ነገ በጠዋት ይወጣሉ።

መኪናዋ ያረጀች ትንሽ የቤት መኪና ነበረች። ምንተስኖት የትልቅ መኪና ሞተር ገጥሞባት፣ አካሏንም መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጎት ነበር። የድሮዎቹ የነዳጅ ቱቦዎች የአዲሱን ሞተር ግፊት መቋቋም አቅቷቸው ተሰነጣጥቀዋል። ሥራው ቀላል ነው፤ ቤንዚን ከታንከሩ ወደ ሞተሩ የሚወስደውንና ትርፉን የሚመልሰውን ቱቦ ቀይሮ ጫፋቸውን በፋሸታ፣ በብረት ማሰሪያው፣ ማጥበቅ።

ጋሽ ዘርጋው መኪናዋን በመሥሪያው ጉድጓድ ላይ አቁመው የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከመሪው ፊት አልተነሡም። ሸዋንግዛው በስተኋላ ባለው ደረጃ ወረደ። የጉድጓዱ ስፋት ከሰው ደረት ብዙ አይበልጥም፤ ግድግዳው የስንት ዓመት ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ከእግሩ ሥር በሚነሣው ቅዝቃዜም ፀሐይ የሚያንጣጣው የቆርቆሮ ጣሪያ ከላዩ ያለ አይመስልም። የታንከሩን ቤንዚን ወደ ጀሪካን ገልብጦ ታንከሩን በጣቱ ሲያንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠው። የመጀመሪያውን ቱቦ ለክቶ ቆረጠ፣ ገጠመው።

ሁለተኛውን ሲፈታ ከቱቦው ቤንዚን ፈሰሰ። በሰሐን ተቀበለው፤ ሰሐኑ ሞላ። ሌላ ጀሪካን አስጠጋ፤ እሱም ሞልቶ ተረፈ፤ አንድ ጊዜ የተገለበጠው ታንከር ግን አሁንም መፍሰሱን አላቆመም። ሊደፍነው እጁን ሲዘረጋ ከሁለቱ ቱቦዎች ጎን፣ ከሻሲው ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ሦስተኛ ቱቦ አየ። ከታንከሩ ይነሣል፤ ወደ ሞተሩ ግን አይደርስም። ከኋላ መቀመጫው ሥር ወለሉን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ቢነካው እንደ ሰው ክንድ ይሞቃል።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ይሄኛው የምን ቱቦ ነው?»

 ሽማግሌው ከላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አትንካው ልጄ። በእሱ ነው የሚተነፍሰው» አሉ።

«ማን?»

«ምንተስኖቴ። ሌሊት ሌሊት መቀመጫው ላይ ጆሮዬን ስጥል ይጠራኛል። ሰው ቢሰማ እብድ ይለኛል ብዬ ነው ልፈልገው እወጣለሁ ያልኩት።»

ሸዋንግዛው ሐዘን ሰውን እንዲህ እንደሚያደርግ ያውቃል። ቀስ ብሎ ፋሸታውን አላላና ቱቦውን ነቀለው። ቤንዚን አልወጣበትም፤ ሙቅ፣ እርጥብ አየር ነበር የወጣው፣ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ጫፉን በአውራ ጣቱ ሲደፍነው ከውስጥ የሆነ ነገር ጣቱን ጠባው። ጣቱን መነጨቀ። ያን ጊዜ መኪናዋ የእጅ ፍሬኗ እንደተሳበ፣ ምንም ሳትንቀጠቀጥ፣ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሄዳ በደረጃው ላይ ቆመች።

«ፍሬኑን ይያዙት እንጂ!»

«አልነካሁም» አሉ ሽማግሌው።

ጉድጓዱ ከመኪናዋ ያጠረ ስለሆነ በፊት በኩልም መውጫ የለም፤ በመኪናዋ ሆድና በሲሚንቶው መካከል የቀረው ክፍተት ስንዝር ነው። ትከሻውን አስገብቶ ሞከረ፤ አላሾለከውም። ቤንዚኑ ጫማውን አልፎ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል፤ ሽታው ከአየሩ ይከብዳል፣ ከሥር ወደ ላይ ጉድጓዱን እየሞላ ይመጣል። ዓይኑ አነባ፣ ምላሱ ደነዘዘ። በእጁ የያዘው ቱቦ ይተነፍሳል።

«አባዬ» አለ ቱቦው። የወጣት ድምፅ ነበር፣ የደከመ። «አባዬ፣ እዚህ ነኝ።»

ከላይ ሽማግሌው ማልቀስ ጀመሩ። በዚህ መሐል የእጅ ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያናግሩት፤ ሸዋንግዛው እያንዳንዱን ቃል ሰማ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ ምንተስኖት። ጅቡቲ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ይቅር በለኝ። መደወል ፈርቼ ነው።»

«የኔ ልጅ... አንተ ማነህ? ልጄ እኮ እዚህ ከሥሬ ነው!»

«ስማኝ አባዬ! ያን ቀን በመንገድ ላይ ከኋላ መቀመጫው ሥር የሆነ ነገር በአንተ ድምፅ ጠራኝ። በአንተ ድምፅ! ጥዬው ሮጥኩ። መኪናዋ ውስጥ እንዳትገባ፣ ማንም እንዳይነካት!»

ቱቦው ትንፋሹን አቆመ። ጉድጓዱ ውስጥ ቤንዚን ሲንጠባጠብ ብቻ ይሰማል። ስልኩ ወለሉ ላይ ወድቆ ተዘጋ።

«ሸዋንግዛው» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ፣ ደህና ነህ? ምን ላድርግ? ሞተሩን አስነሥቼ ከላይህ ላንሣት ወይስ ወርጄ ሰው ልጥራ?»

ሸዋንግዛው ሞተሩ ሲነሣ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብትወድቅ ጉድጓዱ በሙሉ እንደሚነድ ያውቃል። አይንኩት ሊል አፉን ከፈተ፤ የቤንዚኑ ትነት ጉሮሮውን ዘግቶታል፣ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። የመኪናዋን ሆድ በጡጫው ደበደበ፤ ጆሯቸው የከበደው ሽማግሌ ግን አልሰሙትም።

ያን ጊዜ በእጁ ከያዘው ቱቦ ውስጥ የገዛ ራሱ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ «ጨርሻለሁ ጋሽ ዘርጋው፣ ያስነሡት» አለ።