ውርጭ የመታው ማሳ

ሁለቱ ወንድማማች መሳፍንት ስለ አባታቸው ወንበር በተዋጉበት በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከተራራው ግርጌ ባለው ሸለቆ አንድም የቆመ እህል አልነበረም። የታላቅየው ጦር ሲወርድ ግማሹን አጨደው፤ የታናሽየው ጦር ሲወጣ የቀረውን በፈረስ ረገጠው፤ ዝናቡ ግን ይህን ሁሉ እንዳላየ ሆኖ ባዶውን መሬት ያጠጣ ነበር።

በሸለቆው ዳር አንዲት መበለት ትኖር ነበር፤ እናቷ ያወጣችላት ስም ተረስቶ ሰው ሁሉ «እትዬ እምቢ» ይላታል። አንድ ልጇን የታናሹ መስፍን ጭፍሮች ለዘመቻ ወስደውባታል፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱ እሷው ዘንድ ቀርታለች። ለሁለቱ ሴቶችና ለሚመጣው ሕፃን የተረፈው ምግብ በጓዳው ጥግ ያለ፣ ጎንቁሎ የተሸበሸበ አንድ ጆንያ ድንች ነው።

የባሏ ወንድም አንጥረኛው ድንቹን ልትተክል መሆኗን ሰምቶ መጣ፤ የመትከያው ጊዜ አልፏል፣ ፍሬ ሳይዝ ውርጭ ይደርስበታል፣ ይልቅ ቀቅላችሁ ብሉት ብሎ መከራት። እሷ ግን ቢላዋዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ ድንቹን እየቆራረጠች፣ በየቁራጩ ላይ የሚበቅልበትን ዓይን እየተወች፣ የተቆረጠውን ፊት አመድ እያስነካች።

«እትዬ፣ ውርጩንም የምታዢው አንቺ ሆንሽ እንዴ?» አላት።

«እሱም እንዳንተ ወሬው ይፈጥናል እንጂ ሥራው ዘገምተኛ ነው» አለችው፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ብንበላውስ ስንት ቀን ሊያቆየን? ስትወልድ ጡቷ ውስጥ ምን ሊኖር?» አለች።

አንጥረኛው ተነሥቶ ሄደ። በማግስቱ ግን የተሳለ መቆፈሪያ ይዞ መጣ፤ ድንቹን በየትልሙ ቀበሩት፣ ዳር ዳሩንም እሱ ያመጣውን የጥቅል ጎመንና የቀይ ሥር ችግኝ ተከሉ። ከዚያ ወዲያ የጎመን ቅጠል እየቀነጠሱ ሰነበቱ፤ እትዬ እምቢ ከድርሻዋ ለምራቷ እያካፈለች ጠግቤያለሁ ትላለች፤ ምራቷ ባታምናትም፣ እሷን ማን ደፍሮ ይከራከራል።

ድንቹ በቀለ፤ አፈር አስታቀፈችው፤ አበበ። ሲመሽ ጭድ እያለበሰች፣ ሲነጋ እየገፈፈች አቆየችው። ነገር ግን አንድ ማለዳ ስትወጣ ከጭዱ በታች ያለው ሁሉ በፈላ ውኃ የተነከረ ይመስል ጠቁሮ ተኝቷል። አንጥረኛው መጥቶ ሬሳ ፊት እንደቆመ ሰው ኮፍያውን አወለቀ። እሷ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ጫረች፤ እንቁላል የሚያህል ድንች አገኘች፤ በአውራ ጣቷ ብትነካው ቆዳው ተላጠ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ እናውጣው» አለ አንጥረኛው።

«እምቢ። እንዲህ እንደለጋ ከወጣ ጓዳ ውስጥ ይበሰብሳል። አገዳው እስኪደርቅ፣ ቆዳው እስኪጠና ከመሬቱ አይነቃነቅም።»

ድንቹ እንዲሁ መሬት ውስጥ እያለ የታናሹ መስፍን ጦር ተመልሶ መጣ። የስንቅ አለቃው በየቤቱ ይዞር ነበር፤ መንገድ የሚመራውም የእትዬ እምቢ ልጅ ነው። እናቱ መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ቀበቶው ሁለት ጊዜ ዞሮታል። ወታደሮቹ ጎመኑንና ቀይ ሥሩን ከነሥሩ ነቅለው ጫኑ። አለቃው የጠቆረውን ማሳ ቆሞ አየና ወደ ልጁ ዞረ።

«አንተ የዚህ አገር ሰው ነህ። ከዚህ ሥር ነገር አለ?»

ልጁ ቀና ሲል ሚስቱ ሆዷን ደግፋ በር ላይ ቆማለች። ጎንበስ ብሎ የአንዱን አገዳ ግንድ ያዘና ሳበው። ለምለም አገዳ ሲነቀል ፍሬውን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ሞቶ የደረቀ ግን ብቻውን ነው የሚነቀል፤ ይህንን በልጅነቱ ከእናቱ ጎን ሲቆፍር አይቷል። አገዳው ባዶውን ወጣ።

«ውርጭ ጨርሶታል፣ ጌታዬ።»

አለቃው ምራቁን ጢቅ አድርጎ ፈረሱን አዞረ። ልጁ ውኃ ለመነ፤ እናቱም በቅል አቀረበችለት። በወታደሮቹ ፊት ከውኃ በቀር ልትሰጠው የምትችለው አልነበረም፤ እጇ ግን ቅሉን አልለቅ አለ።

«እማዬ፣ መሬቱን ለጊዜው አሳርፊው» አላት።

«አሳርፈዋለሁ፣ ልጄ» አለችው፤ በዕድሜዋ እምቢ ሳትል የታዘዘችው ምናልባት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጦሩ ወደ ተራራው መተላለፊያ ወጣ፤ ስንቁ እዚያ አለቀበት፤ ከተመለሱት መካከልም ልጇ አልነበረም። በረሃብ ይሁን በጥይት የነገራት የለም። የመጀመሪያውን ድንች ያወጣችው ምራቷ በወለደች ማግስት ነው፤ ቆዳው ጠንቶ ነበር። ቀቅላ ለአራሷ አቀረበች፤ ራሷ ግን ያን ቀን አልቀመሰችም።

ስለዚያ ዘመቻ የጻፉት ሰዎች የሁለቱን መሳፍንት የፈረሶቻቸውን ስም ሳይቀር አስፍረዋል፤ ስለ ሸለቆው ግን «ባዶ ነበር፣ ምንም አልተገኘም» ብለው አለፉ። ባዶ በተባለው መሬት ፍሬ ያደገችው ሕፃን ወልዳ ከበደች። ዘሮቿ ዛሬም ድንቹን አገዳው ደርቆ ብቻውን እስኪነቀል ድረስ አያወጡትም፤ ለምን ሲባሉ ቆዳው እንዲጠና ነው ይላሉ። እሱም እውነት ነው።