የሁለት ማኅበር ተራ

ስምንት ዓመት ተባለ፤ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እንኳ «እንዴት?» ብሎ አልጠየቀም።

ርብቃ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰማች። አባቷ አቶ ጥጋቡ፣ ከእስቴ መጥቶ ወገዳ በግብርና ባለሙያነት ለሚሠራው ለቀለመወርቅ ሊድሯት አልፈለጉም። ሽማግሌ ማሳፈርም ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ።

«የሚካኤል ማኅበራችን አሥራ ሁለት ነን፤ ተራዬ በየአሥራ ሁለት ወሩ ይደርሳል» አሉ። «የባለቤቴ የማርያም ማኅበር ስምንት ናቸው፤ የእሷ በየስምንት ወሩ። ሁለቱ በአንድ ወር ቤቴ ሲገጥሙ በዚያው ድግስ እድራታለሁ። አሥራ ሁለት በስምንት ሲባዛ ዘጠና ስድስት ወር፣ ስምንት ዓመት ነው። ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

ርብቃ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ይህንኑ ስሕተት በየዓመቱ በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች። አሁን በዚያው ስሕተት ዕድሜዋን ሲቆርጡላት ደሟ ፈላ። ይበልጥ ያንገበገባት ግን ቀለመወርቅ መልሱ ሲደርሰው «እሺ» ማለቱ ነው።

በማግስቱ ቢሮው ድረስ ሄደች።

«ዲግሪ አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለትን በብቸኛ ቁጥሮች ዘርዝርልኝ።»

ከማዳበሪያ ዝርዝሩ ጀርባ ጻፈ፤ ሁለት በሁለት በሦስት። ስምንትንም ጻፈ፤ ሁለት በሁለት በሁለት።

«ሁለት ሁለቶች በሁለቱም ውስጥ አሉ። አባቴ ደግመው ቆጠሯቸው። ትንሹን የጋራ ብዜት ስትፈልግ ከየዓይነቱ የበዛበትን ብቻ ነው የምትወስደው። ሦስት ሁለቶችና አንድ ሦስት። አባዛ።»

«ሃያ አራት» አለ ቀስ ብሎ።

«ሃያ አራት ወር። ሁለቱ ተራ የገጠሙት ካቻምና ጥር ነው፤ የዚያን ጊዜ እንስራ ሳጥብ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። ዛሬ መስከረም ነው። የቀረን አራት ወር ነው። አንተ ግን ስምንት ዓመት ሲሉህ እሺ አልክ። ልትገላገለኝ ፈልገህ ነው?»

ቀለመወርቅ መሳቢያውን ከፈተና ሁለት ወረቀት አወጣ። አንዱ ሁለት ዓመት ሲለምን ኖሮ የተፈቀደለት፣ ወደ አገሩ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ የሚመልሰው የዝውውር ደብዳቤ ነው። ሌላው ትናንት በእጁ የጻፈው ነው፤ ለሚቀጥሉት ስምንት ዓመታት ከወገዳ መነሣት አልፈልግም ይላል።

«አላሰላሁትም» አለ። «ራሴን የጠየቅኩት እጠብቃታለሁ ወይ ብዬ ብቻ ነው።»

ርብቃ ሁለቱን ወረቀቶች አየች፤ ቀጥሎም እሱን። ንዴቷ እንዳለ ነው፤ የምታሳርፍበት ቦታ ግን አጣች።

«ሞኝ ነህ» አለችው በመጨረሻ።

ማታ ርብቃ ስሌቱን ስታሳያቸው አቶ ጥጋቡ ወሩን እየጠሩ በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ያው ጥር ላይ ወደቀ፤ በሚካኤል ደግሞ ምለዋል።

«ይኸን ማን አስተማረሽ?» አሏት ተኮሳትረው።

«ትምህርት ቤት የላኩኝ እርስዎ ነዎት፣ አባዬ።»

ሰርጉ ጥር አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ዳሱ ውስጥ ቀለመወርቅ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ብሎ «አሁንም ተናደሻል?» አላት።

«በጣም። ስምንቱን ዓመት አልማርኩህም» አለች እጁን አጥብቃ ይዛ። «ከዛሬ ጀምረህ ቁጠር።»