ትንፋሹን የያዙት ሰው

ብታምኑም ባታምኑም ይሄ በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት...

ሥራዬ አየር መልቀም ነው። አትሳቁ! ተራራ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ጣቢያ አለች። በየማክሰኞው ከእሷ ወጥቼ ገደሉ አፋፍ ላይ ፊቴን ወደ ነፋሱ አዙሬ እቆማለሁ። ትንፋሼን ይዤ ባዶ ጠርሙስ እከፍታለሁ፤ አየሩ ሲገባ እዘጋለሁ። የምድር አየር ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለወጥ የሚጠናው በዚህ ነው። የሰው ትንፋሽ ከገባበት ግን ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ያስተማሩኝ ጋሽ ስልሳ ናቸው። ሳይተነፍሱ እስከ ስልሳ ስለሚቆጥሩ ነው ስሙ የወጣላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አየር ለቅመው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚያው ዘበኛ ሆነው ቀሩ። ከጣቢያው ሌላ ቤት የላቸውም።

አንድ ቀን ጠርሙሶቹ የሚመረመሩበት ቤተ ሙከራ ኃላፊ ደወለች።

«ጠርሙሱ ውስጥ ተንፍሰሻል።»

«ኧረ በፍጹም!»

«የሰው ትንፋሽ አለበት እኮ። ተጠንቀቂ።»

ተጠነቀቅኩ። በሳምንቱ ደግማ ደወለች።

«አሁንም አለ። አንዴ ከተደገመ ጣቢያው ይዘጋል።»

ለጋሽ ስልሳ ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እና እኔ የት ልግባ?» አሉ። አንጀቴን በሉት።

ማክሰኞ ዕለት አፌን በሻሽ ጠቅልዬ ወጣሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። አንድ... ሁለት... ሦስት...

የሆነ ነገር ይተነፍሳል።

ከጀርባዬ መስሎኝ ነበር። ግን ፊቴን ነው የሞቀኝ። ከፊቴ ደግሞ ገደል እንጂ ሰው የሚቆምበት መሬት የለም...

ጠርሙሱን ሳልከፍት ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። ጋሽ ስልሳ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«ሰማሽው?» አሉ በሹክሹክታ።

«እርስዎም...?»

«ዝም በይ። ተመለሽ። ዛሬ ትንፋሹን እኔ እይዘዋለሁ።»

አብረውኝ ቆመው ሳይተነፍሱ ሊቆዩ መሰለኝ። ወይ ሞኝነቴ!

ወደ ኋላ ገፋ አድርገውኝ አፋፉ ላይ ከፊቴ ቆሙ። አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ሳቡ... ረጅም... አሁንም ረጅም... ከዚያ ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ።

ያ ድምፅ ጠፋ። ነፋሱ ብቻ ቀረ። ጠርሙሱን ሞልቼ ዘጋሁ።

«አለቀ ጋሼ፣ ይተንፍሱ።»

ራሳቸውን ወዘወዙ። እምቢ።

በዘጠነኛው ቀን ኃላፊዋ ደወለች።

«ንጹሕ ነው! ጣቢያው አይዘጋም።»

እልል ማለት ነበረብኝ። ጋሽ ስልሳ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ አፋቸውን አልከፈቱም። እህል አልቀመሱም። ቃል አልተነፈሱም። ሐኪም ላምጣ ስል እጄን ጨምድደው ያስቀሩኛል።

አልጋቸው ሥር ተንበረከክኩ።

«ጋሼ... ተርፈናል። ቤትዎ አለልዎት። በሞቴ... ይልቀቁት።»

እንባቸው ወረደ። ከንፈራቸው አልተላቀቀም። ፈራሁላቸው፤ እውነቱን ለመናገር እሳቸውንም ፈራኋቸው።

ያን ጊዜ ነው ደረታቸውን ያየሁት። የሸሚዛቸው ቁልፍ ተፈትቶ ነበር።

ቀኝ ጎናቸው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል... ግራው ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ቀኙ ዝቅ ሲል ግራው ይነሳል።

በተራ... በተራ... ሳይቸኩሉ።